ለማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚመደበው የሥልጠና ገንዘብ በአዋሽ ሸለቆ ምን ሊያፈራ ይገባል?

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት መፈናጠር ሲጀምር፣ የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ወረዳዎች ነዋሪዎች በመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት ውስጥ ሰንብተው ነበር። የዚያን ሰሞን ጥያቄያቸው አጭርና አስቸኳይ ነበር፦ ቤተሰብን ወዴት ማውጣት ይሻላል? ከብቱስ በየት በኩል ይነዳ? የከሰም ግድብ ደኅና ነውን? መንግሥት በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በሚገኙ 12 ቀበሌዎች የሚኖሩ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ለአደጋው መጋለጣቸውን በወቅቱ አስታውቋል። መግለጫ መውጣቱ ግን አንድ ነገር ነው፤ መልእክቱ በአፋርኛ ተነግሮ፣ ቀበሌውን በስም ጠርቶ፣ በግጦሽ መሬት ላይ ካለው አርብቶ አደር ጆሮ መድረሱ ሌላ ነገር ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚጠቀሱት መንገዶች አንዱ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ጎን ለጎን ለማኅበረሰብ ብሮድካስት ዕውቅና ሰጥቷል። እርሱን የተካው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም ዘርፉን አስቀጥሏል። ፈቃድና ማሠራጫ ማግኘት ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ጣቢያውን የሚያቆመው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሥልጠና ይፈልጋል፤ ሥልጠናም ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ክርክሩ ገንዘቡ መገኘቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በምን ላይ እንደሚውልም ሊሆን ይገባል።

የተለመደው መንገድ

በአገሪቱ የተለመደው የሥልጠና ዓይነት የታወቀ ነው። ሠልጣኞች ከየጣቢያው ተመርጠው ወደ አንድ ከተማ ይጠራሉ፤ በሆቴል አዳራሽ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣሉ፤ ውሎ አበልና የምስክር ወረቀት ተቀብለው ይመለሳሉ። ይህ ለትውውቅ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በአዋሽ ሸለቆ ሁኔታ ሲመዘን ጉድለቱ ጎልቶ ይወጣል። አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በአንዱ ከተማ የሚሰጥ ሥልጠና ከሌላው የሚመጣውን፣ በተለይም ልጆችና ከብት ጥላ መውጣት የማትችለውን እናት፣ ከወዲሁ ያስቀራል። ከበጀቱም ከፍተኛው ድርሻ በመጓጓዣና በአዳራ ይበላል፤ ለመቅረጸ ድምፅ፣ ለፀሐይ ኃይል ባትሪና ለማሠራጫ ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት ቋንቋ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከትግርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ የተጻፈ መግለጫ የደረሰው አሰራጭ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ በቃሉ ለመተርጎም ከተገደደ፣ ሁለት አንባቢዎች ከአንድ ወረቀት ሁለት መልእክት ሊያወጡ ይችላሉ። «ተዘጋጁ» እና «ውጡ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት በአደጋ ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ነው። በመሆኑም የአደጋ ማስጠንቀቂያ ቃላትን በአፋርኛ አስቀድሞ መወሰንና መለማመድ ከማንኛውም የዜና አጻጻፍ ትምህርት መቅደም አለበት። በአርጎባ ልዩ ወረዳና የኦሮሞና የሶማሌ ተናጋሪዎች በሚዋሰኑባቸው ሥፍራዎችም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው።

ዳጉ እንደ መነሻ

የሸለቆው ሕዝብ ለዜና እንግዳ አይደለም። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆመው፣ ጊዜ ሲፈቅድም ተቀምጠው፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ሰላምና ስለ ጠብ የሚለዋወጡበት ዳጉ ሥርዓት ያለው የመረጃ ልውውጥ ነው። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ይለያል፤ ከማን እንደሰማ ይጠየቃል፤ ሐሰት ያወራ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ አመኔታውን ያጣል። ይህ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ከሚማረው የምንጭ ማጣራት መርሕ ጋር የተቀራረበ ነው። ሥልጠናው ከዚህ ቢነሣ ሠልጣኙ ባዶ እጁን እንደመጣ ተማሪ አይቆጠርም፤ የሚያውቀውን ደንብ ወደ ማይክሮፎን ያመጣል።

ልዩነቱም መነገር ይኖርበታል። በዳጉ ተናጋሪና ሰሚ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሰሚው መልሶ መጠየቅ ይችላል። ሬዲዮ ይህ ዕድል የለውም። በአፋርና በኢሳ ማኅበረሰቦች መካከል ለዓመታት በተደጋገመው ግጭት ያልተጣራ አንድ ወሬ ሊያስከትል የሚችለውን ጥፋት ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣ በኋላ ደግሞ አሰራጩ በሕግም ተጠያቂ ነው። የግጭት ዘገባ ሥልጠና የሁለቱን ቋንቋዎች አሰራጮች በአንድ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ቢያንስ ወሬውን ለማጣራት የሚደዋወሉበት ስልክ ይለዋወጣሉ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የውጭ ድጋፍ በአንድ ወቅት በሕግ ጠቦ ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳዮች እንዳይሠሩ ገድቦ ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገደብ አነሣ። ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ማቋረጡ በብዙ አገሮች የመገናኛ ብዙኃን ድጋፎችን አናግቷል። ከአንድ ለጋሽ ኪስ ብቻ የተንጠለጠለ ሥልጠና፣ ለጋሹ ፊቱን ሲያዞር አብሮ እንደሚቆም ይህ አሳይቷል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ቢታዩ ይበጃል። አንደኛ፣ ሥልጠና ለጋሽ ሲገኝ የሚደረግ ዝግጅት መሆኑ ቀርቶ በጣቢያው ዓመታዊ በጀት ውስጥ ቋሚ ወጪ ሆኖ ይያዝ፤ የለጋሽ ገንዘብ ይደግፈው እንጂ አይተካው። ሁለተኛ፣ አሠልጣኙ ወደ ጣቢያው ይሂድ። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያ መኖሩ ለላይኛውና ለታችኛው ሸለቆ ተዘዋዋሪ አሠልጣኞችን ለማፍራት ዕድል ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ሠልጣኝን የሚመርጠው ለጋሹ ወይም አንድ ኃላፊ ሳይሆን ማኅበረሰቡ የተወከለበት ቦርድ ይሁን፤ ሴቶችና ወጣት አርብቶ አደሮችም ድርሻ ይኑራቸው። በራሱ ሰዎች ያልተመረጠ አሰራጭ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ሄዶ ይቀራል፤ ሥልጠናውም አብሮት ይሄዳል።

ውጤቱ የሚለካው በተሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት አይደለም። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው አዋሽ ከላይኛው ተፋሰስ ሞልቶ ሲነሣ፣ ጎርፉ ዱብቲና አሳይታ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ አለ። በ2012 ክረምት ወንዙ ከአሚባራ እስከ አሳይታ ሰብል አጥፍቶ ሕዝብ አፈናቅሏል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በአፍዴራ አካባቢ አመድ ሲነዛ፣ አርብቶ አደሩ ሣሩና ውኃው ለከብት ይሆን እንደሆነ ማወቅ ይፈልግ ነበር። በቀጣዩ ክረምት በወንዙ ዳር የሚያርሰው ገበሬ ውኃው ሳይደርስበት በሚገባው ቋንቋ፣ በሚያምነው ድምፅ ከሰማ፣ ለሥልጠና የወጣው ገንዘብ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።