የተላከው ገንዘብ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚመድበውን በጀት ቢያሳድግም በመዝገብ የሚታየው የተማሪ ቁጥር ግን አልጨመረም። በ1996 የ250 ትምህርት ቤቶች ሰነድ ሲመረመር ምክንያቱ ታወቀ። ከ1991 እስከ 1995 ድረስ ከደመወዝ ውጭ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ከተላከው ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ደጃፍ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። የቀረው መንገድ ላይ፣ በአካባቢ አስተዳደሮች እጅ ቀልጧል። ወላጁም ሆነ ርዕሰ መምህሩ ስንት እንደተላከ ስለማያውቁ የሚጠይቅ አልነበረም።

ካምፓላ ከዚያ በኋላ ለየአካባቢው የላከችውን ገንዘብ በየወሩ በጋዜጣና በሬዲዮ ማሳወቅ ጀመረች፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ጥናቱን ያካሄዱት ሪትቫ ሬይኒካና ያኮብ ስቬንሰን ጋዜጣ ለሚሸጥበት ቦታ የቀረቡ ትምህርት ቤቶች የበለጠ እንደተጠቀሙ አሳይተዋል። ምስጋናውን ሁሉ ለጋዜጣ መስጠት ግን ልክ አይሆንም፤ በዚያው ጊዜ የመንግሥት የፋይናንስ ቁጥጥርም ጠብቆ ነበር።

በኢትዮጵያ ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው መረጃ እንዲጠይቅ፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመልስ ደንግጓል። የወረዳ በጀት በሰሌዳ መለጠፍም ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

ችግሩ የሚለጠፈው ላይ ነው። የወረዳው ጥቅል በጀት ልጇን ለምታስተምር እናት ምንም አይነግራትም። እሷ የምትፈልገው የልጇ ትምህርት ቤት ስንት እንደተመደበለት፣ መቼ እንደተለቀቀለት፣ በምን ላይ እንደዋለ ነው።

ይህ አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በየተራ ክልል ሆነዋል። ቢሮ ሲከፈል፣ ንብረትና ሠራተኛ ሲደለደል፣ የበጀት ዱካ በቀላሉ ይጠፋል። አዲስ መዋቅር ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ሳያሳይ ሥራ ቢጀምር ነዋሪው ማንን እንደሚጠይቅ እንኳ ግራ ይገባዋል።

መነሻው ከባድ አይደለም። መምህራን ስኩል ግራንት የሚሉት ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ስለሆነ ወላጅ ራሱ አባዝቶ ሊያጣራው ይችላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር እያንዳንዱ ወረዳ የየትምህርት ቤቱን ድርሻ በአካባቢው ቋንቋ ይለጥፍ፤ ገንዘቡ የተለቀቀበትን ቀንም ይጻፍበት። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ይህን ሒሳብ በስብሰባ ላይ ያንብብ፤ ጉድለት ሲያገኝም ጥያቄውን ለወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያስገባ።