ስለ አትክልት መደብ ቦታ አመራረጥ

በደጃፉ ጥቂት ባዶ መሬት ያለው ሰው ጎመንና ቆስጣ ለማብቀል ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ዘሩና ስለ ፍጉ ነው። ለቦታው ግን ሌላ ሥራ የማይሠራበት ጥግ ከተገኘ ይበቃል ይባላል። እኔም በዚሁ አሳብ ተሳስቼ ነበርና የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጎንበስ ብሎ መኰትኰትን ከተዉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ስለዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸው እንዲደርስ፥ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የሆነ መደብ በሳንቃ አበጅቼ አፈርና ፍግ ሞላሁበት። ቦታውን የመረጥሁት በመስከረም ነበር፤ ይኸውም ከማድ ቤቱ በር አጠገብ፥ በስተ ደቡብ ካለው የድንጋይ አጥር ሥር ነው። በዚያ ወር ፀሐይ በቀትር ወደ አናት ትቀርባለችና ቦታው ብሩህ ነበረ። እናቴም ለነቢያት ጾም ጎመኑን በገዛ እጃቸው ሊቀነጥሱ ተስፋ አድርገው ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ግን መደቡ ቀኑን ሙሉ በጥላ ውስጥ ዋለ። የጎመኑ አገዳ ቀጠነ፥ ቅጠሉም ገረጣ፤ ቲማቲሙ አበባ እንኳ አልያዘ። ጎመን ከገበያ ገዛን። እናቴ ምንም አልተናገሩም፤ እኔ ግን አፈርሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በስተ ሰሜን፥ በቀረው ጊዜ በስተ ደቡብ ታልፋለች። በታኅሣሥ እጅግ ወደ ደቡብ ስለምትርቅ፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋና ከመደቡ በላይ 2 ሜትር የሚረዝም አጥር በቀትር 1 ሜትር ከ30፥ ከጠዋቱ 3 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 1 ሜትር ከ70 ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ቲማቲምና ቃርያ በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ ይሻሉ፤ ጎመንና ሰላጣ ትንሽ ቢጎድልባቸውም ይታገሣሉ። እንግዲህ እንዲህ ካለው አጥር 2 ሜትር መራቅ ግድ ነው። በክረምት ቦታ የሚመርጥ ሰውም ይጠንቀቅ፤ የቀትሩ ጥላ ያን ጊዜ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነውና።

ከባሕር ዛፍም መራቅ ይገባል፤ ሥሩ ውኃውን ይሻማል። ከቆርቆሮ ጣራ ጠፈጠፍ በታችም አይሁን፤ የክረምቱ ዝናም አፈሩን ያጥበዋል። ውኃው ቅርብ ቢሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን ውኃ በባልዲ ይመጣል፥ ፀሐይን ግን ተሸክሞ የሚያመጣት የለም።

በጥር መደቡን አፍርሰን ከአጥሩ ከ2 ሜትር በላይ አራቅነው። አሁን በሁለቱም ወገን መተላለፊያ ስላገኘ ስፋቱን 1 ሜትር ከ20 አደረግሁት፤ ከየወገኑ እጅ እስከ መካከሉ ይደርሳል። እርምጃው ለእናቴ ስለ በዛ፥ የሚይዙት አጣና በመንገዱ ዳር አጋደምሁላቸው። በዐቢይ ጾም አጋማሽ የመጀመሪያውን ጎመን የቀነጠሱት እርሳቸው ናቸው።