ጉብዝና ውሃ አይቀዳም

«እንዲህ ጎበዝ ሆኖ እንዴት ኦቲዝም ይኖርበታል?» ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። እንዲያውም አብዛኞቹ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እናት የሚያጽናኑ ይመስላቸዋል። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፏል፣ ዲግሪውን ጭኗል፣ እንግሊዝኛው ያስቀናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሉ የአስተዳደግ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ጨከን ቢባልበት ሰው ይሆናል ይሏታል። ከጥያቄው ሥር አንድ እምነት አለ፤ የሰው ጭንቅላት አንድ ወጥ ነው፣ ካልኩለስ የሠራ ጭንቅላት ሸሚዝ ማጠብ አያቅተውም፣ ካቃተውም አልፈለገም ማለት ነው የሚል። «ሰነፍ»፣ «ሞልቃቃ»፣ «የእናት ልጅ» የሚባሉት ስሞች ሁሉ ከዚሁ የመነጩ ናቸው። እምነቱ ሐሰት ነው። ከሐሰትነቱም በላይ ጉዳት ያደርሳል፤ እርዳታ የሚያስፈልገውን ጎልማሳ በገዛ የምስክር ወረቀቱ እርዳታ ይከለክለዋልና።

መጀመሪያ መለኪያዎቹን እንያቸው። የማሰብ ችሎታን የሚለካው የአይኪው ፈተና አማካይ 100 ነው። ከ70 በታች የወረደ ሰው የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለበት ይመረመራል። ከዚህ ጎን ቫይንላንድ የሚባል ሌላ መለኪያ አለ። ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ከምትገኝ ከተማ ሲሆን መነሻውን ያዘጋጀው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድጋር ዶል ነው። የዛሬው ቫይንላንድ አማካይም 100 ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ከመጽሐፍ የራቁ ናቸው። ልብሱን ይቀይራል? ምግብ ያበስላል? ገንዘብ ይይዛል? ቀጠሮ ያከብራል? ዋናው ነገር ደግሞ አጠያየቁ ነው። «ይችላል ወይ?» አይልም፤ «ሳይነገረው፣ ሳይረዱት፣ ዘወትር ያደርጋል ወይ?» ይላል። ሥራውን እንደሚችል እየታወቀ የማያደርገው ሰው ነጥብ አያገኝም።

በብዙ ሰው ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ብዙም አይራራቁም። ኦቲዝም ኖሮባቸው አይኪዋቸው አማካይ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሰዎች ላይ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ዝቅ ይላል። በምዕራብ አውስትራሊያ 2,225 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆችና ወጣቶች የተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የደረሰበት ይህንኑ ነው። አይኪው አንድ ሰው ዕለታዊ ኑሮውን እንዴት እንደሚመራ የሚናገረው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። አጥኚዎቹም «ከፍተኛ ብቃት ያለው ኦቲዝም» የሚለው አጠራር አሳሳች ስለሆነ ይቅር አሉ። ነገሩ ከልጅነት ጋር አብሮ የሚያልፍም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በልጅነታቸው የተመረመሩ 68 ሰዎች በአማካይ 29 ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ታይተው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ብቻቸውን የሚኖሩት ጥቂት ነበሩ፣ ቋሚ ሥራ ያላቸውም እንዲሁ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አኗኗር «ደካማ» ወይም «እጅግ ደካማ» ተብሎ ተመደበ። አይኪዋቸው ከ70 በታች የነበረው የባሰ ሁኔታ ላይ መሆናቸው እውነት ነው። ከ70 በላይ የነበሩት ግን ከላይ እስከ ታች ተበታትነው ተገኙ፤ ቁጥሩ ማን የት እንደሚወድቅ አልተነበየም።

ስለ ኦቲዝም ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን ሬይን ማን የተባለ ፊልም ያየ ሰው የሚያስታውሰው ቁጥር በአንድ እይታ የሚቆጥረውን ሰው ነው። ለገጸ ባሕርዩ መነሻ የሆነው ኪም ፒክ (በኋላ ባለሙያዎች የእሱ ችግር ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም የሚለውን ግምት ትተውታል) በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በቃሉ ይዞ፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ግን ይቸግረው ነበር። በየቀኑ የሚንከባከበው አባቱ ነበር። ዓለም መጻሕፍቱን አስታወሰ፤ አባትየውን ረሳ።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ገላን ኮንዶሚኒየም እንምጣ። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ኦቲዝም ያለበት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር የሂሳብ ሠራተኛ አለ እንበል። ስም አልሰጠውም፤ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ሰው ነው። አኗኗሩ ግን የፈጠራ አይደለም።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀኑ በግምት ይታወቃል፣ ሰዓቱ አይታወቅም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ካልደረሰ ታች ወርዶ መቅዳት ግድ ነው። ይህን ሥራ ማንም «ሥራ» ብሎ አይጠራውም፤ ግን እንበትነው። መምጣቱን መስማት፣ የያዙትን ነገር መሃል ላይ ማቋረጥ፣ የትኛው ጀሪካን ለመጠጥ የትኛው ለመጸዳጃ እንደሆነ መለየት፣ ክዳኑን መፈለግ፣ ወረፋ መያዝ፣ ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት፣ እንደገና መውረድ፣ ቧንቧውን መዝጋት። ለብዙዎቻችን ይህ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ለእሱ ግን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግርም ሌላ ውሳኔ ነው። ውሃ መቅዳት እንዴት እንደሆነ አስረዳ ቢባል ከእኔ የተሻለ ያስረዳል። በጽሑፍ ስጠን ብትሉት ደረጃ በደረጃ ይሰጣችኋል። የሚቸግረው መጀመሩ ነው፤ ከጀመሩ በኋላም ያልታሰበ ነገር ሲገባ መቀየሩ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ወሬው የሚመጣበት መንገድ ነው። ውሃ መምጣቱን በማስታወቂያ የሚነግረን የለም። ደረጃ ላይ ነው የሚነገረው። «ነገ ይመጣል አሉ»፣ «ብሎኩ ሮቶ ባዶ ነው»፣ «ዛሬ ታክሲው ከወዲያ በኩል ነው የሚጭነው»። ኮንዶሚኒየም ግማሹ የሚሠራው በሲሚንቶ ከሆነ ግማሹ የሚሠራው በሰላምታ ነው። ቆሞ «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው?» የማይል ሰው ኩሩ ይባላል፤ ኩሩ ለተባለ ሰው ደግሞ ሌሊት በር አንኳኩቶ «ውሃ መጣ!» የሚለው የለም። ወሬው ያልፈዋል፣ ጀሪካኑ ባዶውን ያድራል፣ ጠዋት ሳይታጠብ ሥራ ይሄዳል። ቢሮ ውስጥ የሚታየው ደግሞ የመጨረሻዋ ብቻ ናት፤ ንጽሕናውን የማይጠብቅ ሰው።

መንገዱንም እንከተለው። የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ጣልቃ ይገባል፤ መከራከር አለበት ወይስ የለበትም? ረዳቱ ቃሊቲ ድረስ ብቻ ነው ይላል፤ ትናንት እስከ ሳሪስ ነበር። ጉልበት ከጉልበት ይጋጠማል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ መልሱ አልተሰጠውም። ከዚያ ያቺ ሁላችንም ሳናስብ የምንላት ቃል ትመጣለች፤ «ወራጅ አለ!» በማያውቃቸው ሰዎች መሃል፣ ከሬዲዮው በላይ፣ በትክክለኛዋ ሰከንድ ድምፅን ከፍ ማድረግ። ሳይላት ታልፈዋለች። አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ በእግሩ ይመለሳል፣ ያረፍዳል። አለቃው «ጭንቅላት አለው፣ ኃላፊነት ግን አይሰማውም» ይላል። ከዚያ ይቀመጥና እስከ ሳንቲሟ የተመጣጠነ ሂሳብ ይሠራል። ማታ ቤቱ ሲገባ መራቡን እንኳ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፤ ሽሮው መደርደሪያ ላይ አለ፣ እንጀራው ሻግቷል፣ በብስኩት ያድራል። የመብራት ካርዱ መቼ እንደሚያልቅ በትክክል አስልቶ ያውቃል። ያልቃል፤ በጨለማ ይቀመጣል።

ይህን ሰው አይኪው ፈትኑት፤ 125 ቢያመጣ አይግረማችሁ። ምክንያቱን አስቡት። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ከፊቱ ያለው አንድ ሰው ነው። ጥያቄው አንድ በአንድ ይቀርባል፣ «ጀምር» ይባላል፣ «በቃ» ይባላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰው የለም፣ መሃል ላይ ጣልቃ የሚገባ የለም፣ ትናንት የነበረው ሕግ ዛሬ አይቀየርም። ፈታኙ ሳያውቀው ለዚህ ሰው የጎደለውን ነገር ሁሉ አሟልቶለታል! ከዚያም ውጤቱን አይቶ ምንም አይጎድለውም ይላል። አይኪው ፈተና የሚለካው ገላን ከእሱ ላይ ከተነሳለት በኋላ ያለውን ሰው ነው።

ትምህርት ቤትም እስከ አንድ ዕድሜ ድረስ እንደ ፈተና ክፍሉ ነው፤ ደወል አለ፣ ወንበር አለ፣ የዛሬው ትምህርት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ለዚህ ነው ክፍተቱ በልጅነት ተሸፍኖ በጎልማሳነት የሚፈነዳው። የልጁ ዕውቀት አላነሰም፤ ደወሉ ቀረ እንጂ። ለምሳሌ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም መግቢያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ፈተና መሰረቅን ለማስቆም ነበር፤ ዓላማውን አልነቅፍም። በዚያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገር ሲያነጋግር ከርሟል። ያልተነገረው ግን ፈተናው ከወረቀቱ ባሻገር የማደሪያ ፈተና መሆኑ ነው። ከማያውቋቸው ጋር ተደራራቢ አልጋ ላይ ማደር፣ ካፌ መሰለፍ፣ የጋራ መታጠቢያ። ፊዚክሱን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያላየ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ምን እንደሚያመጣ መገመት አይከብድም። አልፎ ቢሄድ እንኳ ቀጣዩ ምደባ ምናልባትም ከቤቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ያው አልጋና ያው ሰልፍ ለአራትና ለአምስት ዓመት ነው።

«ታዲያ የሚሳካላቸው የሉም ወይ?» ለሚለኝ ሰው ዶናልድ ትሪፕሌትን እጠቅሳለሁ። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ባስተዋወቀበት ጽሑፍ ከተዘረዘሩት 11 ልጆች የመጀመሪያው እሱ ነው። ኮሌጅ ጨረሰ፣ ባንክ ሠራ፣ በ27 ዓመቱ መኪና መንዳት ተማረ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ ብቻውን ብዙ አገር ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ጎበዝ ስለነበረ ነው? ጎበዝስ ነበር። ግን ባንኩ የቤተሰቡ ነበር። ይኖርባት የነበረችው ፎረስት የተባለች የአሜሪካ ሚሲሲፒ ከተማ ትንሽ ናት፤ ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ጠባዩን ለምዶት ነበር። ንብረቱን የሚጠብቅለት ሕጋዊ ዝግጅት ተደርጎለት ነበር። ዶናልድን ከነአይኪው አንስታችሁ ገላን አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጡት፤ ጀሪካን ስጡትና ታክሲ ሰልፍ ላይ አቁሙት። ኑሮ የመምራት ብቃት ሰውየው ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ከአካባቢው ጋር ተካፍሎ የሚይዘው ነው። በልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ ለገቡ ቤተሰቦች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሱቁን፣ ታክሲውን፣ ጎረቤቱን በአንድ ጊዜ ያጣ ጤነኛ ሰው እንኳ ለወራት ይደናገራል።

በእኛ አገር የዶናልድን ባንክና ከተማ የምትተካው እናት ናት። ውሃውን የምትቀዳው፣ ካርዱን የምታስሞላው፣ «ተነሳ፣ ረፍዷል» የምትለው፣ በእሱ ፈንታ ጎረቤት የምትጠይቀው፣ ዕድር የምትከፍለው እሷ ናት። ሰዎች «ራሱን ችሏል» የሚሉት የእናትና ልጅን ድምር አይተው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት እክል ላለባቸው ልጆቻቸው ሕክምና የሚከታተሉ 102 አሳዳጊዎች የተጠየቁበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ላይ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንዱ ያህል ደግሞ ሊደብቁት እንደሚጥሩ ተናግረዋል። የሚደበቅ ነገር አይቆጠርም፤ የማይቆጠር ነገር በጀት የለውም። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ይህን መደበቅ ነበር የገጠመችው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በኋላ መጣ። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እናታቸውን ቀብረዋል ወይም ይቀብራሉ። ለቅሶው በሚያልቅበት ሳምንት ማን ውሃ እንደሚቀዳ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አላውቅም።

ሁለት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንደኛው ይህ ለስንፍና ፈቃድ መስጠት ነው ይላል። ሰነፍ ሰው ደስ የሚለውን ሲያደርግ ሥራውን ይተዋል፤ ይህ ሰው ግን የሚወደውንም ይተዋል፣ ረሃቡንም ይተዋል። ሁለተኛው፣ መናገር የማይችሉ ልጆች ሳይታገዙ ለባለ ዲግሪ ማሰብ ቅንጦት ነው ይላል። ይህ ይበልጥ የሚከበር ተቃውሞ ነው፤ ግን ራሱን ይሽራል። በዕለት ኑሮ ብንለካ የማይናገረው ልጅ ያለ ክርክር ከፊት ይሰለፋል፤ ከኋላው ደግሞ ባለ ዲግሪው በሚገባው ቦታ ይቆማል። የሚያዛባው በጉብዝና መለካቱ ነው።

ሕግ አለን። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል፤ አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ግን ከቢሮው በር አይወጣም፤ ክፍተቱ ያለው ደግሞ ከበሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚጀምር ነገር ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ቀን ቤት የሚመጣ ረዳት፣ ውሃ መምጣቱን በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ የብሎክ ኮሚቴ፣ የመግቢያ ሰዓትን በግማሽ ሰዓት የሚያላላ አለቃ። ውድ ነገር አይደለም፤ አብዛኛው ገንዘብም አይጠይቅም።

የአይኪው ቁጥር ደግሞ ለኦቲዝም እርዳታ ከሚሞላ ማንኛውም ቅጽ ላይ ይውጣ። ከ70 በላይ ለሆነ ሰው ከማሳሳት በቀር የሚሠራው ሥራ የለውም። ለልጃችሁ፣ ለወንድማችሁ ወይም ለራሳችሁ የተጻፈ የምርመራ ወረቀት በእጃችሁ ካለ ገልጣችሁ እዩት። ምን ያህል እንደሚያውቅ ተጽፎ፣ ሳይነገረው ምን እንደሚያደርግ ካልተጻፈ፣ ምርመራው ገና አላለቀም፤ ወረቀቱን ለጻፈው ባለሙያ መልሱለት።