የጤና ዓምድ፦ ጨው ስንት ይበቃናል?

ጨው የሌለበት ወጥ አይጥምም። ሰውነታችንም ጨው ይፈልጋል። የሚፈልገው ግን ጥቂት ነው። ሲበዛ ይጎዳል። የመተሐራ ገበሬ ይህን ከመሬቱ ያውቃል። የበሰቃ ሐይቅ ሲሰፋ ጨዋማ ውሃው የደረሰበት ማሳ ተበላሽቷል።

ጨው ውሃ ይይዛል። ጨው ስናበዛ በደም ሥራችን ውስጥ ውሃ ይበዛል። የወንጂን የሸንኮራ ቦይ አስቡ። ውሃው ከልኩ ሲያልፍ የቦዩን ዳር ይገፋል፤ ይሸረሽራል። ደማችንም እንዲሁ የደም ሥርን ይገፋል። ይህ የደም ግፊት በሽታ ነው።

በሽታው ብዙ ጊዜ አይሰማም። ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ያርሳል፤ ገበያ ይወጣል። አንድ ቀን ግን የአንጎሉ ደም ሥር ሊፈነዳ ወይም ሊዘጋ ይችላል። ግማሽ አካሉ ሽባ ይሆናል፤ አንደበቱ ይያዛል። ሰው «መጋኛ መታው» ይላል። ዋናው ምክንያት ግን ደም ግፊት ነው።

ታዲያ ስንት ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። ይህ ካልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ነው። የወጡም፣ የበርበሬውም፣ የቡናውም ጨው አብሮ ይቆጠራል።

እስቲ እናስላ። አምስት አዋቂዎች በቀን 25 ግራም ይበቃቸዋል። አንድ ኪሎ ጨው ለ40 ቀን ይሆናቸዋል ማለት ነው። በ20 ቀን ካለቀ እጥፍ በልተዋል።

ምን እናድርግ?

1. በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ጨው አለ። ወጡን ሳንቀምስ ጨው አንጨምር።

2. ቡና በጨው የምንጠጣ ጨውን ቀስ በቀስ እንቀንስ። ምላስ ይለምዳል።

3. ጨው እንቀንስ እንጂ አዮዲን ያለበትን ጨው አንተው። አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል። በአዳማም ሆነ በመቂ ገበያ ጨው ስንገዛ፣ ከረጢቱ ላይ «አዮዲን» የሚለውን ቃል እናንብብ። ጨውን በክዳን ዕቃ እናስቀምጥ። ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምር፤ እሳት አዮዲኑን ይቀንሰዋልና።

4. ጤና ጣቢያ ሄደን ደም ግፊታችንን እንለካ። ሁለት ቁጥር ይጻፍልናል። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው 140፣ ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ጨው ቀንሻለሁ» ብሎ መድኃኒቱን አያቁም።

ዛሬ ፊደል ቆጥረናል። በካርዳችን ላይ ያለውን ቁጥር ራሳችን እናንብብ።

ተወያዩበት፦
በቤታችሁ አንድ ኪሎ ጨው በስንት ቀን ያልቃል?
ደም ግፊቱን ያልተለካ ማን አለ?