ባልና ሚስት ለሽርሽር ሲወጡ፦ የመንገዱ ወተት ጉዳይ

ሰኞ ጠዋት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የሚመጡ ደንበኞች ከሌላው ቀን ይለያሉ። አንዱ ሆዱን ይዞ «ለምለም አለ ወይ?» ይላል። ሌላዋ ለልጇ የተቅማጥ መድኃኒት ትጠይቃለች። ሦስተኛው የደም ግፊት ክኒኑን ሁለት ቀን ሳይውጥ ቀርቶ ራሱን ይዞታል። ምን እንደበሉና የት እንደዋሉ ጠጋ ብዬ ስጠይቅ የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፦ «ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ወጣ ብለን ነበር»።

ይህን የምጽፈው መውጣቱን ለማጥላላት አይደለም። እኔና ባለቤቴም በወር አንዴ፣ ሲሳካ ሁለቴ እንወጣለን። የምንኖረው ሰንጋ ተራ ነው። የሰፈሩ ስም ስለ ሰንጋ ያወራል እንጂ ዛሬ ዙሪያችንን የከበበን የባንክ ፎቅ ነው። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሒሳብ ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ሶፋው ይጠብቀዋል። ከአራት ዓመት በፊት ግፊቱን ስለካው 150 በ95 ሆኖ አገኘሁት። ሐኪሙ ክኒን አዘዘለት፤ ከክኒኑ ጋር መራመድንም አዘዘ። የእኛ ሽርሽር በሐኪም ትእዛዝ ተጀመረ ብል ውሸት አይሆንብኝም።

መሠረቱ ግን ከሐኪሙ ይቀድማል። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ካስተማሩን ሐዲሶች መካከል አቡ ዳውድ የዘገቡት አንዱ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ጉዞ ላይ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ ተወዳድረው እርሷ ቀደመቻቸው። ጊዜ አልፎ ሰውነቷ ከጨመረ በኋላ እንደገና ተወዳደሩ፤ በዚህኛው እርሳቸው ቀደሙና ይህቺ የዚያችኛዋ ብድር መሆኗን ነገሯት። ልጆች ሳለን በዚህ እንስቅ ነበር። ዛሬ የሚገርመኝ ሁለተኛው ውድድር ነው። ሰውነቷ መጨመሩ ከሩጫው አላስቀራትም። እኛ ግን ሁለት ልጅ ከወለድን ወዲያ ባሎቻችን ሲንቀሳቀሱ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ፌስታልና ጫማ የምንጠብቅ ሆነናል። «በጂልባብ ዳገት ይወጣል እንዴ?» ያለችኝ እህት አለች። ይወጣል። የሚያስቸግረው ጂልባቡ ሳይሆን ክፍት ጫማው ነው።

ታዲያ የብዙዎቻችን ሽርሽር ምን ይመስላል? መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት መቀመጥ፣ ወርዶ መብላት፣ ፎቶ መነሣት፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መመለስ። ይህ የከተማውን መቀመጥና መብላት ወደ ገጠር ይዞ መሄድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን የሚያነቃቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። አንድ ቅዳሜ ይህን ሁሉ አይሞላም፤ ግማሹን ግን ይሞላል፣ ከተራመዱበት።

ለጀማሪ እንጦጦ ይበቃል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የመራመጃ መንገዱ ተመችቷል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ግን ልቡን የሚያመው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ዳገቱን ባይሞክር እመርጣለሁ። እኛ የምናዘወትረው የመናገሻ ሱባን ደን ነው። ከሰበታ ወዲያ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለው ይህ ጥንታዊ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ ይነገራል። ጽዱና ዝግባው ሰማይ ነክቷል፤ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ርቀቱ ለሙሳፊር ስለማይበቃ ዙህርን ሳናሳጥር አራቱንም ረከዓ ዛፍ ሥር እንሰግዳለን። ከመውጣታችን በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ከሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን፤ ካልተመቸ ሰፈራችን ውስጥ እንራመዳለን።

ወደ ተራራው ከፍ ሲባል የኮሶ ዛፍ ይገኛል። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን የኮሶ ትል የሚያስወጡት የዚህን ዛፍ አበባ አድርቀውና ወቅጠው በመጠጣት ነበር። መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ከባድ መድኃኒት ነው። ዛሬ እንደ ፕራዚኳንቴል ያሉ ክኒኖች አሉ። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ በዝርዝር ካስረዳሁት በኋላ «ሥጋውን ማብሰሉ አይቀልም ነበር?» አለኝ። ምን ይባላል።

ምግብን በተመለከተ እኛ ሙስሊሞች መንገድ ላይ አንድ ጥቅም አለን፤ እንደልብ መብላት አንችልም። የሙስሊም ቤት ካላገኘን ሥጋ አንነካም። ይህ ችግር ብዙ ጥሩ ነገር አስገኝቶልናል። በቡታጅራ መስመር፣ መልካ ቁንጥሬን አልፈን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡትን የጢያ ትክል ድንጋዮች አይተን ስንወርድ፣ ቆጮን ከጎመንና ከአይብ ጋር መብላት የለመድነው በዚህ ምክንያት ነው። ቆጮ አብዛኛው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። የአገሩ ሰው ከአይብና ከጎመን ጋር ማቅረቡ ትልቅ ዕውቀት ነው። ወደ ባቱ ስንወርድ ደግሞ አሳ አለ። አሳ ማረጃ አያስፈልገውም ብለን ዘና እንላለን፤ «ዘይቱ ከዚህ በፊት ምን ተጠብሶበታል?» ብሎ መጠየቅ ግን አይከፋም። ጥሬ አሳ የሚያዘወትሩ ወጣት ባለትዳሮችን አይቻለሁ። ሎሚው ትሉን ይገድለዋል የሚሉት ነገር እውነት አይደለም። የሚገድለው እሳት ነው።

አሁን ወደ ወተቱ ልምጣ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለእርሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ገጠር፣ መንገድ ስንጠይቅ አንዲት እናት ቤታቸው አስገቡን። በወይራ የታጠነ ጮጮ ከፍተው ገና ከጡት የወረደ ወተት ቀዱልን። ሽታው እስከ አሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ወተት ሲሰጡን አለመመለስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈ ትምህርት መሆኑን ቲርሚዚ ዘግበዋል፤ ይህንንም የተማርኩት ከልጅነቴ ነው። መድኃኒት ቤት ቆሜ በየቀኑ «አፍልታችሁ ጠጡ» የምለው እኔ ራሴ ይሉኝታ ያዘኝና ቀመስኩ። ባለቤቴ ሁለት ጣሳ ጠጣ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ጀመረው። ማታ ማታ አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ጠዋት ደህና ይሆናል፤ ወገቡንና ጉልበቱን ይቆረጥመዋል። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደ፤ ተሻለው ስንል ተመለሰበት። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ጥሬ ወተት ጠጥተሃል?» ብሎ ሲጠይቀው እኔ ናት ያፈርኩት። በደም ምርመራ ብሩሴሎሲስ ተገኘበት። ላም ስታስወርድ የሚታየው፣ ከከብት ወደ ሰው በጥሬ ወተት የሚሻገረው ተህዋሲ ማለት ነው። ሕክምናው ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን አንድ ላይ ለስድስት ሳምንት ነበር። ሪፋምፒሲኑ ሽንቱን ብርቱካንማ ሲያደርገው ደነገጠ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከወተት ጋር ሲወሰድ በደንብ ወደ ደም አይገባም። በወተት የመጣበትን በሽታ ሲታከም ወተት በክኒኑ ሰዓት ተከለከለ። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ተሻለኝ ብሎ ሊያቆም ነበር፤ ይህ በሽታ ሕክምናው ሲቋረጥ ስለሚያገረሽ አላቆመም፣ አልሐምዱሊላህ።

«አያቶቻችን ጥሬውን ጠጥተው ዘጠና ዓመት ኖረዋል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የኖሩትን እናያቸዋለን፤ ያልኖሩትንና ወገባቸውን እንደያዙ ያረጁትን ማን ቆጠራቸው? «ጮጮው ታጥኗል» የሚሉም አሉ። የወይራ ጢስ መዓዛ ይሰጣል፣ ወተቱንም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ ብሩሴላን አጠፋ ብሎ የሚተማመን ግን ተሳስቷል። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎም በመኮምጠጡ ብቻ ከጥርጣሬ ነፃ አይሆንም። ወደ አዋሽ ሲወርዱ የሚቀርበው የግመል ወተትም ያው ነው። ነፍሰ ጡር እህቶች በተለይ ልብ በሉ፤ ይህ በሽታ ሰውንም ያስወርዳል።

እዚህ ላይ የእኔን አቋም በግልጽ ልናገር። የተማርነው ወተቱን አለመመለስን ነው፤ ጥሬውን መጠጣትን አይደለም። ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ባለቤቴ ከዳነ በኋላ አንድ ኡስታዝ ጠየቅን። «ስጦታውን ተቀብላችሁ አፍልታችሁ ብትጠጡ ምን መለሳችሁ?» አሉን። ነውር የመሰለን «ያፍሉልን» ማለቱ ነበር። የገጠር እናት ምድጃዋ ሁልጊዜ አይጠፋም። ወተቱ ተነሥቶ ሊገነፍል እስኪል ድረስ አንድ ሰው ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው። እንግዳ ስለ ጤናው ሲጠይቅ የሚቀየም ባለቤት እስካሁን አልገጠመንም፤ የሚስቁብን ግን ብዙ ናቸው።

የመድኃኒቱን ነገር ባጭሩ ልናገር። ሽንት የሚያሸና የግፊት ክኒን የሚወስዱ ወንድሞች መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ ቅዳሜን ይዘሉታል። አትዝለሉት፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ወይም ባለሙያ ጠይቁ። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ከምግብ ጋር ስለሚወስደው ምሳው ሁለት ሰዓት ቢዘገይ መክሰስ ይያዝ። ኢንሱሊን ደግሞ ፀሐይ በምትመታው መኪና ውስጥ አይቀመጥም። በመጠቀም ላይ ያለው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ያበላሸዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ መያዝ ይሻላል። ስኳር ያለባት ሚስት ስትራመድ ስኳሯ ሊወርድ ስለሚችል ቴምር ኪሷ ውስጥ ይኑር። ባሏም የት እንዳለ ይወቅ።

ባለፈው ወደዚያው ገጠር ስንሄድ የእኚያን እናት ቤት አንኳኳን። ጮጮው እንደገና መጣ። ባለቤቴ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ «እናታችን፣ ያመመኝን ሰው ነኝና እሳት ያሳዩልኝ» አላቸው። «ሕፃን ነህ እንዴ ልጄ!» ብለው ሳቁና ድስቱን ጣዱት። ወተቱ እስኪነሣ ድረስ ምድጃው ዳር ቁጢጥ ብሎ ሲጠብቅ፣ የልጅ ልጃቸው መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሲገነፍል ለሦስት ቀዱት።