የአጥንት መድኃኒት እና የፈጅር ሰዓት

እዚህ ደብረ ማርቆስ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙም አጥንታቸው መሳሳቱን ነግሯቸው በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ 70 ሚሊ ግራም አለንድሮኔት አዘዘላቸው። እናታችን ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት እንኳ አልዘለሉም። ኋላ ልጃቸው ስትጠይቃቸው ለካ የሚውጡት በአቦል ቡና ኖሯል!

ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ ቢወሰድ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። በቡና ሲዋጥ ከዚያችው ላይ 60 በመቶ ያህሉ ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ወይም ከተበላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከተዋጠማ ከምንም አይቆጠርም። ወተትና የካልሲየም ክኒንም ያግዱታል።

ስለዚህ መድኃኒት ስንመርጥ «የትኛው ይበረታል?» ከማለታችን በፊት «የትኛውን በሰዓቱ መውሰድ እችላለሁ?» ብለን እንጠይቅ እላለሁ። ለክኒኑ ፈጅር ጥሩ ሰዓት ነው። ሰላቱ እንዳለቀ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ውጦ፣ ሳይበሉና ሳይተኙ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዚክር እያደረጉ ቀና ብሎ መቀመጥ ነው። ከተኙ የምግብ ቧንቧን ሊያቆስል ይችላል። የደብረ ማርቆስን የጠዋት ብርድ አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ተመልሶ ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት የለም።

በረመዳንስ? ከሱሁር ምግብ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ መነሳት ነው፤ ያን ዕለት ማታ ግን ሲበሉ አለማምሸት ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ሌሊት ስለሆነ አይከብድም። ጾሙ ራሱ የሚጎዳው ሕመምተኛ ሸሪዓው የሰጠውን ፈቃድ ከሐኪሙና ከዓሊም ይጠይቅ።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የመጀመሪያው መዘግየት ነው። «ረመዳን ይለፍ»፣ «አዝመራው ይግባ»፣ «ትልቅ ከተማ ሄጄ በማሽን ልለካ» ይባላል። ከቆሙበት ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንት አጥንታቸው መሳሳቱን ስብራቱ ራሱ ተናግሯል፤ መለኪያ እስኪገኝ መጠበቅ የለባቸውም። ቀጣዩ ስብራት በጣም የሚያሰጋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ዳሌያቸው ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ለተጠገነላቸው ከ2,000 በላይ ሰዎች፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም ባዶ መርፌ ሰጥቶ ተከታተለ። መድኃኒቱን ባገኙት ላይ አዲስ ስብራት በ35 በመቶ፣ ሞትም በ28 በመቶ ቀነሰ።

ይህ መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ከሉማሜ ወይም ከአማኑኤል ለሚመላለስ፣ ጨጓራው ክኒን ለማይችል፣ ሰዓት መጠበቅ ለሚያቅተው ከተገኘ እኔ ይህን እመርጣለሁ። አስቀድሞ ኩላሊትና ቫይታሚን ዲ ይመርመር። ሁለት ሦስት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ሊያመጣ ስለሚችልና ውሃ በደንብ መጠጣት ስለሚያስፈልግ፣ ቀጠሮውን ከረመዳን በፊት በሻዕባን ማድረግ ይሻላል።

በየስድስት ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ከዘገየ ወይም ከተቋረጠ አጥንቱ በፍጥነት ተመልሶ ይሳሳል፣ አከርካሪም ሊሰበር ይችላል። ቀጣዩን መርፌ በቀኑ እንደሚያገኝ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ባይጀምረው እመክራለሁ።

ክኒኑን አምስት ዓመት የወሰደ ሰው ይቀጥል ወይስ ይረፍ የሚለውን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ጎረቤታችን አሁን ጁሙዓ ጁሙዓ ከፈጅር በኋላ በውሃ ይውጣሉ። አቦሉ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃቸዋል።