ሥሩን ተዉት፣ ቅጠሉ ይበቃል

የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ካለ ደብር አጥር ሥር ጉልበት የማይደርስ ነጭ አበባ አየሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ኦርኪድ መሆኑን ለየሁት፤ የትኛው ኦርኪድ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ከነሥሩ ነቀልኩት። ሁለት ድንች መሳይ ነገሮች አብረው ወጡ፤ አንዱ የተጨማደደ፣ ሌላው ነጭና ጠንካራ። የተጨማደደው የዚያን ዓመት አበባ መግቦ የጨረሰ ነው። ጠንካራው ለከርሞ የተቀመጠ ስንቅ ነበር። ሁለቱንም ወሰድኩ። አበባው መጽሐፍ ውስጥ ሻገተ፤ በዓመቱ ብመለስ ከቦታው ሣር ብቻ አገኘሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኦርኪድ ሌላ ቦታ ተክዬው ይጸድቃል የሚባል ተክል አይደለም። ዘሩ እንደ ብናኝ ደቃቅ ነው፤ ስንቅ ስለሌለው አፈር ውስጥ የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ስለዚህ እላለሁ፦ ተማሪ ተክል ከነሥሩ ነቅሎ እንዲያመጣ የሚታዘዝበት የቤት ሥራ ለኦርኪድ ይቅር። ዝርያውን ለመለየት የጥፍር ያህል ቅጠል ይበቃል።

እንዲያውም አበባ ብቻውን ያሳስታል። የአበባውን መልክ በዘመናት የሚቀርጸው ሊቀስም የሚመጣው ነፍሳት ነው፤ አንድ ዓይነት የእሳት እራት የሚጠብቁ ሁለት ኦርኪዶች ዘራቸው ተራርቆ ሳለ መንትያ ይመስላሉ። ዝምድናውን ፍርጥ አድርጎ የሚያወጣው ዲኤንኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች በዲኤንኤ ማስረጃ ላይ ተመሥርተው የአበባ ተክሎችን እንደገና ሲመድቡ፣ ኦርኪድ ከሽንኩርትና ከእሬት ጋር በአንድ ምድብ ገባ። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር አንዲት ተማሪ «አጥራችን ላይ ያለው እሬት?» ብላ ጮኸች። አዎ፣ እሱው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ማትኬ እና አርቢሲኤል የተባሉ ሁለት ዘረመሎች የእጽዋት መታወቂያ እንዲሆኑ ተመረጡ። በጣም የተቀራረቡ ዝርያዎችን ሁልጊዜ ባይለዩም፣ ከደረቀ ቅጠል ይነበባሉ፤ ተክሉ ማበብ የለበትም።

ቅጠሉ ግን እዚሁ ይመዝገብ። ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ ከሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰበው እጽዋት የአውሮፓን ቤተ መዘክሮች ሞልቷል። በርሊን የነበረው ትልቁ የኦርኪድ ክምችት እ.ኤ.አ. በ1943 በቦምብ ተቃጥሏል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለን፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998ም ማኅበረሰቡ በጄኔቲክ ሀብቱና በእውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ደንግጓል። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልና ትምህርት ቤቶቻችን ተባብረው የዋግን የደብር ደኖች ኦርኪድ ቅጠል በቅጠል ቢመዘግቡ ከባድ ሥራ አይደለም።

እኛ ጀምረናል። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ተክል ጫፍ ቅጠል ቆርጠን፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚወጣው እርጥበት መጣጭ ፍሬ ጋር ፖስታ ውስጥ አኖርነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአፈሩን ዓይነት ጻፍን። የተክሉ ስም በአካባቢው ቋንቋ የሚጻፍበት፣ «በኽምጣኛ» የሚለው መስመር ግን ባዶ ቀረ። አንዷ ተማሪ «አያቴ ስሙን ሳያውቁት አይቀሩም» አለችን፤ ቅዳሜ ፎቶውን ይዘን ቤታቸው እንሄዳለን።